ላም አለኝ በሰማይ፣ ዓሣ አለኝ በካርታ

የባሕር ጥብቅ ክልል በሚታወጅበት ቀን ሁሌም አንድ ካርታ አለ። ባለሥልጣኑ ከፊቱ ይቆማል፤ ካሜራው ይቀርጻል፤ ሰማያዊው ላይ ሰፊ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል። ከዚያ ቁጥሩ ይነገራል፦ «ከባሕራችን ይህን ያህል በመቶ ከልለናል!» ይጨበጨባል። በማግስቱ አስጋሪው መረቡን ጭኖ ትናንት ወደሄደበት ይሄዳል። የሚከለክለው የለም፤ አረንጓዴው ቀለም እሱ የሚያሰግርበትን ቦታ አልነካማ። ዓሣውም ትናንት በተያዘበት ቦታ ዛሬም ይያዛል።

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚለው ተረት ወደ ባሕር ወርዷል ማለት ነው። ብዙ መንግሥታት ዛሬ የሚቆጥሩት በውኃ ውስጥ ያለውን ዓሣ ሳይሆን በካርታ ላይ ያለውን ቀለም ነው።

ነገሩ ባሕር ያላቸው አገሮች ጉዳይ ብቻ አይደለም። በዲሴምበር 2022 (እዚህ የተጠቀሱት ዓመቶች፣ አንድ የአገር ቤት አዋጅ ሲቀር፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) ሞንትሪያል ላይ በተደረገው የብዝኃ ሕይወት ጉባኤ አገሮች እስከ 2030 ድረስ 30 በመቶ የሚሆነውን የብስ፣ የአገር ውስጥ ውኃና ባሕር ለመጠበቅ ተስማምተዋል። ኢትዮጵያም የብዝኃ ሕይወት ስምምነቱ አባል ናት። የዚያ ግብ ዓረፍተ ነገር ረጅም ነው፤ ለብዝኃ ሕይወት የተለየ ጠቀሜታ ያላቸው ቦታዎች ይቅደሙ ይላል፣ ሁሉንም ዓይነት ሥነ ምህዳር የሚወክሉ ይሁኑ ይላል፣ እርስ በርስ የተያያዙ ይሁኑ ይላል። ከዚያ ሁሉ ቃል በየመግለጫው የቀረው ግን 30 የሚለው ቁጥር ብቻ ነው። በሚቀጥሉት ዓመታት ብዙ ካርታ ይቀባል። ክርክሩ ቀለሙ ምን ያህል ነው በሚለው ላይ ሆኖ ከቀረ፣ የዓሣው ጉዳይ አለቀለት።

ካርታው የሚያየው

በቅድሚያ ለካርታው ተገቢውን ክብር መስጠት ያስፈልጋል፤ ጥፋቱ የእሱ አይደለምና። ኮራል ሪፍ ማለት ጥቃቅን ፍጥረታት በሺህ ዓመታት የገነቡት፣ ሕይወት ያለው የባሕር ውስጥ ዐለት ነው። ከባሕር ወለል አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም፤ ነገር ግን ከባሕር ፍጥረታት ሩብ ያህሉ በሆነ የሕይወታቸው ክፍል እዚያ ይጠለላሉ። በሞቃታማው የዓለም ክፍል በባሕር ዳር የሚኖር በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው ከድስቱ የሚገባው ዓሣ ከዚያ የሚወጣ ነው።

የዚህን ዓሣ ቁጥር በየቦታው ጠላቂ እየላኩ መቁጠር አይቻልም። የአውስትራሊያው ታላቁ ባሪየር ሪፍ ፓርክ ብቻ 344,400 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ የኢትዮጵያን ሲሶ ገደማ ማለት ነው። በውስጡ ወደ 3,000 የሚጠጉ ሪፎች አሉ። ስለዚህ ሳይንቲስቶች ሌላ መንገድ ያዙ። ዓሣውን መቁጠር ካልተቻለ ቤቱን መሳል ይቻላል። የሳተላይት ምስል ከጥልቅ ያልሆነ ንጹሕ ውኃ ሥር የሚመለሰውን ብርሃን ይለያል፤ አሸዋው አንድ መልክ አለው፣ ሕያው ኮራሉ ሌላ፣ የባሕር ሣሩ ሌላ፣ ፍርስራሹ ሌላ። ጠላቂዎች በተመረጡ ነጥቦች ወርደው ያረጋግጣሉ። ከዚያ ቀለም ያለው ካርታ ይወጣል። ከማይክሮሶፍት መሥራቾች አንዱ በነበረው በፖል አለን ስም የተሰየመው የአለን ኮራል አትላስ በ2021 የዓለምን ጥልቀት የሌላቸው ሪፎች በሙሉ በዚህ መንገድ ካርታ ላይ አስፍሯል። ዛሬ ማንም ሰው በስልኩ ከፍቶ ሊያየው ይችላል።

ከዚህ ካርታ ጀርባ ያለው ሐሳብ ቀላልና ጠንካራ ነው። ልዩ ልዩ ቤት ልዩ ልዩ ዓሣ ያኖራል። ከእያንዳንዱ የቤት ዓይነት ድርሻ ከተጠበቀ፣ ተቆጥሮ የማያውቀው ዓሣ ሳይቀር ድርሻውን ያገኛል። የዚህ ሐሳብ ጉልበት «ከእያንዳንዱ» በምትለው ቃል ላይ ነው። ቃሏ ከወጣች ካርታው የግድግዳ ጌጥ ይሆናል።

ካርታ ሲያስገድድ

አውስትራሊያ ይህን ቃል አንድ ጊዜ በቁም ነገር ይዛዋለች። ታላቁ ባሪየር ሪፍ ፓርክ የተቋቋመው በ1975 ነው። እስከ 2004 ድረስ ግን ማስገር ፈጽሞ የተከለከለበት ክፍል ከፓርኩ 5 በመቶ እንኳ አይሞላም ነበር። ያውም በአብዛኛው ቱሪስት ፎቶ በሚያነሳው ኮራል ላይ ነበር። አሸዋው፣ የባሕር ሣሩ፣ በሪፎቹ መካከል ያለው ጭቃማ ወለል ጠባቂ አልነበራቸውም።

የፓርኩ ባለሥልጣን በ1990ዎቹ መጨረሻ ሳይንቲስቶችን ሰብስቦ ባሕሩን በዓይነት በዓይነቱ እንዲከፋፍሉት አደረገ። 70 ክፍሎች ወጡ፤ 30ው የሪፍ፣ 40ው ሪፍ ያልሆነ ወለል። ከዚያ ደንብ ተቀመጠ፦ ከ70ው ከእያንዳንዱ ቢያንስ 20 በመቶ ፈጽሞ አይነካም። ከዳርቻው ሪፍም፣ ከሩቁ ሪፍም፣ ከሣሩም፣ ከጭቃውም። የጥብቅ ቦታው ስፋት በጠባቡ በኩል 20 ኪሎ ሜትር እንዲሆንም ተመከረ።

የዚህ ደንብ ጥበብ ማምለጫ አለመስጠቱ ነው። በደቡብ በኩል ያለው የዳርቻ ሪፍ አስጋሪ የሚወደው ከሆነና ያ ሪፍ ራሱን የቻለ ክፍል ከሆነ፣ በምትኩ ከሰሜን ጫፍ ሰው የማይደርስበትን ሪፍ መስጠት አይቻልም። ደንቡ ከዚያው አምጣ ይላል። ለዚህ ነው ጩኸቱ የበረታው። ሕዝቡ እንዲናገር ሲጠየቅ ከ31,000 በላይ አስተያየት በጽሑፍ ገባ። በየወደቡ ስብሰባ ነበር፣ ቁጣ ነበር። ካርታው ተከልሶ ተከላልሶ ጁላይ 1 ቀን 2004 ሥራ ላይ ሲውል ማስገር የተከለከለበት ክፍል ከፓርኩ አንድ ሦስተኛ ደረሰ።

ውጤቱ ለማየት ብዙ አላስፈለገም። አስጋሪዎች ከምንም በላይ የሚፈልጉት ኮራል ትራውት የተባለው ዓሣ በሁለት ዓመት ውስጥ በብዙዎቹ በተከለሉ ሪፎች ላይ በግልጽ ጨመረ፤ ማስገር በቀጠለባቸው አጎራባች ሪፎች ላይ ግን እንዲህ ያለ ጭማሪ አልታየም። በ2012 የወጣው የኬፔል ደሴቶች ጥናት ደግሞ የአስጋሪውን ዋና ጥያቄ መለሰ፦ «የከለከላችሁኝ ዓሣ ለእኔ ምን ይጠቅመኛል?» ተመራማሪዎቹ የትልልቆቹንና የጫጩቶቹን ዓሦች ዘረመል አመሳክረው ልጅን ከወላጅ አገናኙ። ከአካባቢው ሪፍ 28 በመቶ የሚሆነው ጥብቅ ክልል፣ በ30 ኪሎ ሜትር ዙሪያ ካሉት ጫጩቶች ግማሽ ያህሉን ያፈራ ሆኖ ተገኘ። ጥብቁ ቦታ ለአስጋሪው ዘር እየዘራለት ነበር። ይህ ሊሆን የቻለው ግን ጥብቁ ቦታ ከአስጋሪው ቦታ አጠገብ ስለነበረ ነው። እጭ በውኃ ይንሳፈፋል፤ ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ ግን የማንንም መረብ አይሞላም።

ካርታ ሲያመልጥ

ያቺው አውስትራሊያ፣ ያንኑ ሳይንስ የፈጠሩ ሰዎች እያሏት፣ ከስምንት ዓመት በኋላ ተቃራኒውን ሠራች። በ2012 በአገሪቱ ዙሪያ ያለውን ሰፊ ባሕር የሚሸፍን የጥብቅ ክልሎች መረብ አወጀች። ቁጥሩ የሚያስደንቅ ነበር። የኮራል ባሕሩ ክልል ብቻ ወደ አንድ ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ነገር ግን በዘርፉ ስመ ጥር የሆነው የጄምስ ኩክ ዩኒቨርሲቲው ሮበርት ፕሬሲና ባልደረቦቹ ካርታውን በኢንዱስትሪው ካርታ ላይ ደርበው ሲያዩት ያገኙት ሌላ ነው። ማስገር በእውነት የሚከለከልባቸው ቦታዎች በአብዛኛው የዓሣ ኩባንያም ሆነ የነዳጅ ኩባንያ የማይፈልጋቸው ነበሩ። ተመራማሪዎቹ «ትርፍራፊ» ጥብቅ ክልል ብለው ይጠሩታል። ያም ሆኖ መንግሥት ተቀየረ፣ ግምገማ ተባለ፣ በ2018 የጸደቁት ዕቅዶች በኮራል ባሕሩ ማስገር የተከለከለበትን ክፍል በግማሽ ገደማ ቀነሱት። የፓርኩ ስፋት ግን አልቀነሰም። ካርታው ላይ ያለው አረንጓዴ አሁንም ያው ነው።

ይህ ለኢትዮጵያ አንባቢ እንግዳ አይደለም። በንጉሡ ዘመን መሬት ለግብር ሲመደብ ለም፣ ለም ጠፍ፣ ጠፍ ይባል ነበር። ግብሩን የሚወስነው ምድቡ ነው። አንድ ባለርስት «ከመሬትህ አንድ አምስተኛውን ለደን ተው» ቢባል የቱን ይሰጣል? ገደሉን፣ ጭንጫውን፣ ውኃ የበላውን። በቁጥር ቃሉን ጠብቋል። «ከለሙም ከጠፉም ከየምድቡ አንድ አምስተኛ» ከተባለ ግን ማምለጫ የለውም። ባሕርም እንደዚሁ ነው። ካርታው ላይ «ኮራል ሪፍ» የሚል አንድ ምድብ ብቻ ካለ፣ ከዚያ 20 በመቶ መክለል ማለት ማንም ከማይደርስበት ሪፍ መክለል ነው። ምድቡ 30 ሲሆን ደጃፍ ያለው ሪፍ ይነካል። ስለዚህ «ካርታው ስንት ምድብ አለው?» የሚለው ጥያቄ የባለሙያ ጓዳ ጥያቄ ይመስላል እንጂ የፖለቲካ ጥያቄ ነው። ምድብ የሚቀንስ ሰው ማን እንደሚተርፍ ወስኗል።

ኮምፒውተሩም ከዚህ አያድንም። ዛሬ በብዙ አገር ጥብቅ ክልል የሚታቀደው ማርክሳን በሚባል ፕሮግራም ነው፤ በአውስትራሊያ ዩኒቨርሲቲ የተሠራ፣ ለታላቁ ባሪየር ሪፍ ዕቅድም ያገለገለ ግሩም መሣሪያ ነው። ሥራው የተሰጠውን ግብ በትንሹ ወጪ የሚያሟላ የቦታ ስብስብ መፈለግ ነው። «ወጪ» የሚባለው የአስጋሪው ገቢ ከሆነና ግቡ ልል ከሆነ፣ ፕሮግራሙ በታዛዥነት ማንም የማያሰግርበትን ቦታ መርጦ ያመጣል። ከዚያ ባለሥልጣኑ «ሳይንስ ያለው ነው» ይላል። ሳይንስ ያለው ግን የተጠየቀውን ብቻ ነው።

ሰው የሌለበት ቦታ ሲመረጥ ደግሞ «ሰው ለምን የለም?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። በ2010 ብሪታንያ በሕንድ ውቅያኖስ በቻጎስ ደሴቶች ዙሪያ 640,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆን ባሕር ከማስገር ነጻ ብላ አወጀች። ሪፎቹ በእርግጥ ዓሣ የሞላባቸው ናቸው፤ ይህን መካድ ሐሰት ይሆናል። ነገር ግን የደሴቶቹ ሕዝብ ከ1968 እስከ 1973 ባለው ጊዜ ለአሜሪካ ጦር ሰፈር ቦታ ለመልቀቅ በብሪታንያ ተነቅሎ ተወስዷል። አዋጁ ሲወጣ በደሴቶቹ ላይ ቆሞ የሚቃወም ቻጎሳዊ አልነበረም። በ2015 አንድ ዓለም አቀፍ የግልግል ፍርድ ቤት ብሪታንያ ክልሉን ያወጀችበት መንገድ የሞሪሺየስን መብት ያላከበረ፣ የባሕር ሕግ ስምምነትንም የጣሰ ነው ብሎ ወስኗል። ተቃዋሚ የሌለበትን ቦታ መፈለግ መጨረሻው ይህን ሊመስል ይችላል።

ካርታው የማያየው

ምድቡ በዝቶ፣ ደንቡ ጠንክሮ እንኳ ካርታው ብቻውን የማያያቸው ነገሮች አሉ። ዕቅድ አውጪዎች እነዚህን እያወቁ ዝም ሲሉ ጥፋቱ የእነሱ ነው።

አንደኛ፣ ካርታው ረሃብን አያይም። ትልልቅ ዓሣው ተለቅሞ ያለቀበት ሪፍና ዓሣ የሚርመሰመስበት ሪፍ ከሳተላይት ሲታዩ አንድ ዓይነት ቀለም አላቸው። ቤቱ ቆሟል፤ ሰው ይኑርበት አይኑርበት ከጣራው አይታወቅም።

ሁለተኛ፣ ዓሣ በአንድ ቀለም ውስጥ ተወልዶ፣ አድጎ፣ አርጅቶ አይሞትም። በካሪቢያን ባሕር የሚኖር ቀስተ ደመና የሚመስል ትልቅ ፓሮትፊሽ አለ። ጎልማሳው ሪፍ ላይ ኮራሉን ከወረረው አልጌ ያጸዳል፤ ልጅነቱን የሚያሳልፈው ግን በማንግሮቭ ሥሮች መካከል ነው። በ2004 የታተመ የፒተር መምቢና ባልደረቦቹ ጥናት እንዳሳየው፣ ማንግሮቩ በተመነጠረበት አካባቢ ይህ ዓሣ ጨርሶ ጠፍቷል። ማንግሮቭ አጠገባቸው ባሉ ሪፎች ደግሞ ለገበያ ከሚፈለጉ ዓሦች የአንዳንዶቹ ክብደት ማንግሮቭ ከሌላቸው ሪፎች ከእጥፍ በላይ ነበር። ኮራሉን በአረንጓዴ ቀብቶ ማንግሮቩን ለሆቴል የሚሸጥ መንግሥት ሳሎኑን ቆልፎ የልጆቹን ክፍል እንደሚያፈርስ ሰው ነው።

ሦስተኛ፣ ካርታው የሠርጉን ቀን አያውቅም። ናሶ ግሩፐር የተባለው የካሪቢያን ዓሣ ዓመቱን በየፊናው ኖሮ በክረምት ሙሉ ጨረቃ ጊዜ በሺዎች ሆኖ በሪፉ ጫፍ አንዲት ቦታ ላይ እንቁላል ለመጣል ይሰበሰባል። በ2001 የኬይማን ደሴቶች አስጋሪዎች በትንሹ ኬይማን ምዕራብ ጫፍ እንዲህ ያለ ስብስብ አገኙ፤ ወደ 7,000 ዓሣ ነበር። በሁለት የመራቢያ ወቅት 4,000 ያህሉ ወጣ። ከሳተላይት ሲታይ ቦታዋ ከጎረቤቷ የሪፍ ጫፍ በምንም አትለይም። የሚለያት የአስጋሪው እውቀት ነው። መንግሥት በ2003 ማስገሩን ከለከለ፤ ቁጥሩ ለዓመታት ቀስ ብሎ፣ በኋላም በፍጥነት አድጎ በ2018 ገደማ ወደ ቀድሞው 7,000 ተመለሰ። አስጋሪን ሳይጠይቅ የሚሠራ ካርታ ከሁሉ የምትበልጠውን ነጥብ ይስታታል።

አራተኛ፣ ድንበር ነው። በ2014 ግሬሃም ኤድጋርና ባልደረቦቹ በዓለም ዙሪያ 87 የባሕር ጥብቅ ክልሎችን መርምረው ውጤታማ የሆኑት አምስት ነገሮችን የያዙ መሆናቸውን አሳዩ፦ ማስገር ፈጽሞ የተከለከለባቸው፣ ጥበቃው በተግባር ያለ፣ ከዐሥር ዓመት በላይ የቆዩ፣ ከ100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚበልጡና በጥልቅ ውኃ ወይም በአሸዋ ከሌላው ሪፍ የተለዩ። ከ87ቱ 59 በመቶዎቹ ከአምስቱ አንድ ወይም ሁለት ብቻ ነበራቸው፤ እነሱም ማስገር ከሚካሄድባቸው ቦታዎች አይለዩም። አምስተኛው ነገር የካርታው ሥራ ነው። የጥብቁ ክልል መስመር አንዱን ሪፍ ለሁለት ከሰነጠቀው፣ ዓሣው ከኮራል ወደ ኮራል እየዋኘ ወጥቶ መረብ ውስጥ ይገባል። መስመሩ ሪፉ አልቆ አሸዋ በሚጀምርበት ቢሰመር ብዙው ዓሣ ሜዳውን ደፍሮ አይሻገርም። ይህን የሚያሳይ ካርታ በእጅ እያለ ድንበርን በማስመሪያ ቀጥ አድርጎ የሚያሰምር ሰው ካርታውን የፈለገው ለፎቶ ነው።

ሦስት ሰበቦች

ለዚህ ሁሉ የሚሰጡ መልሶች የታወቁ ናቸው።

«ከሩቁ እንጀምር፣ ወደ ቅርቡ እንመጣለን» ይባላል። መልካም ሐሳብ ይመስላል። ችግሩ ቁጥሩ ነው። 30 በመቶው ከሩቅ ባሕር ከሞላ፣ ወደ ቅርቡ ለመምጣት የሚያስገድድ ምን ይቀራል? ባለሥልጣኑ ግቡን አሳክቷል፣ ሽልማቱን ተቀብሏል። ከባዱ ሥራ ለሚቀጥለው ትውልድ ይተላለፋል፤ ዓሣው ግን ለሚቀጥለው ትውልድ ላይቆይ ይችላል።

«ካርታው ገና ፍጹም አይደለም፣ ጥናት ይቅደም» ይባላል። የአውስትራሊያዎቹ 70 ክፍሎችም ፍጹም አልነበሩም፤ ያለውን መረጃና የባለሙያን ግምት አዳብለው የሠሯቸው ናቸው። ጥናቱ እስኪያልቅ ማስገሩ ይቁም የሚል ግን የለም። ጥናት ይቅደም የሚለው ሰው በተግባር የሚለው መረቡ ይቅደም ነው።

ሦስተኛው ከባዱ ነው፦ «የድሃውን ጉሮሮ ትዘጋላችሁ።» ይህን በፌዝ ማለፍ አይገባም። ደጃፉ ያለው ሪፍ ሲዘጋ የሚራበው ኩባንያው ሳይሆን ባለ አንድ ጀልባው ነው። አውስትራሊያ ለተጎዱት አስጋሪዎች ድጎማ መክፈል ነበረባት፤ ክፍያው መጀመሪያ ከታሰበው እጅግ ንሮ ከ200 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር በላይ ሆነ። ድሃ አገር ይህን ከየት ያመጣል?

መልሱ ፊሊፒንስ ውስጥ አለ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የአፖ ደሴት አስጋሪዎች ከሲሊማን ዩኒቨርሲቲው አንጀል አልካላ ጋር ለዓመታት ተነጋግረው ከደሴታቸው ዳር ከሩብ ካሬ ኪሎ ሜትር የማትበልጥ ሪፍ ዘጉ። ሳተላይት አልነበረም፤ ማርክሳን አልነበረም። ራሳቸው መረጡ፣ ራሳቸው ጠበቁ። አዳኝ የሆኑት ትልልቅ ዓሦች ለዐሥራ ስምንት ዓመት ያለማቋረጥ ሲጨምሩ ተመዝግቧል፤ በዙሪያው የሚያሰግሩትም ተጠቃሚ ሆነዋል። ቦታዋ ሩቅ አልነበረችም። ሚስት ከበር ሆና የምታያት፣ ሌባ ሲመጣ ልጅ ሮጦ የሚናገርባት ቦታ ነበረች። ድሃው አስጋሪ ሪፍ መዝጋትን አይጠላም። የሚጠላው ሌላ ሰው በሩቅ ከተማ ተቀምጦ ሲዘጋበት ነው። የአስጋሪውን ጉሮሮ ለማምለጫ የሚጠቅሱ ባለሥልጣናት ብዙ ጊዜ አስጋሪውን ጠይቀውት አያውቁም።

ጣና እና መረቡ

ኢትዮጵያ ኮራል ሪፍ የላትም። የሞንትሪያሉ ግብ ግን የአገር ውስጥ ውኃንም ስለሚቆጥር፣ ይኸው ጥያቄ በጣና ላይ ቆሞ ይጠብቃታል።

ጣና በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኙ የላቢዮባርበስ ዝርያዎች መኖሪያ ነው፤ በአንድ ሐይቅ ውስጥ ከዐሥር በላይ ዝርያ ሆነው የተለያዩ፣ የዓለም ተመራማሪ የሚገረምባቸው ዓሦች ናቸው። ከእነሱ ብዙዎቹ ዓመቱን በሐይቁ ኖረው በክረምት እንቁላል ለመጣል ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭ፣ ድርማ ወንዞች ይወጣሉ። አስጋሪውም ይህን ያውቃልና በወንዙ አፍ ላይ መረብ ይዘረጋል። የኬይማኑ ግሩፐር ታሪክ እዚህም ያው ነው። የሆላንድ ተመራማሪዎች ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ ወደ ወንዝ የሚወጡት ዝርያዎች ብዛት በሦስት አራተኛ ገደማ መቀነሱን ጽፈዋል። ከዚያ ወዲህ በርብ ላይ የመስኖ ግድብ ተሠርቷል።

ጣና በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ሆኖ ተመዝግቧል። ካርታ አለው፤ ቀለምም አለው። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 በአገሪቱ ሕግ ከወጣ ከሁለት ዐሥርት ዓመታት በላይ ሆኖታል። ነገ አንድ ባለሥልጣን ተነሥቶ «ጣናን በሙሉ ወደ 30 በመቶው አስገብተነዋል» ቢል በቁጥር አይሳሳትም። ዓሣው የሚጠይቀው ግን ሌላ ነው። ከሐምሌ እስከ መስከረም በጉማራ አፍ ላይ መረብ አለ ወይስ የለም? ከግድቡ ሥር የሚለቀቀው ውኃ የዓሣውን ወቅት ያውቃል ወይስ አያውቅም? የሐይቁ ሜዳ ሁሉ አረንጓዴ ተቀብቶ እነዚያ ጥቂት በሮች ከተዘጉ፣ ቀለሙ የሚጠብቀው ውኃውን ብቻ ነው።

እንግዲህ ካርታ ይዞ ለሚመጣ ሁሉ፣ ከባሕርም ይምጣ ከሐይቅ፣ ሊቀርቡለት የሚገቡ ጥያቄዎች ጥቂት ናቸው። ካርታህ ስንት ምድብ አለው? ከእያንዳንዱ ምን ያህል ወሰድህ? ከወሰድከው ውስጥ ትናንት መረብ የነበረበት ስንቱ ነው? ልጅነቱንና መራቢያውን የሚያሳልፍበትን ቦታ ማንን ጠይቀህ ሰመርክ? ለሦስተኛው ጥያቄ መልሱ «ምንም» ከሆነ፣ የታወጀው ነገር ትናንትም ማንም ያልነካው ውኃ ነው። ለእሱ ማጨብጨብ የሚገባው አስጋሪው ሳይሆን የዓሣ ኩባንያው ነው፤ ምንም አልተወሰደበትምና።